የካሜራችን ፍላሽ እስከ የት ያበራል?

ፎቶግራፍ ማንሣት የባለ ፎቶ ቤቶች ሥራ ብቻ የነበረበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ መምህሩ የተማሪዎቹን የእጅ ሥራ፣ የሳይንስ ሙከራውን፣ የወላጆችን ስብሰባና የዓመቱን መዝጊያ በዓል ራሱ እንዲያነሣ ይጠበቅበታል። ካሜራውን ከማዕከሉ ፈርሞ መውሰድ ቀላል ነው፤ ቁልፉን መጫንም እንዲሁ። ችግሩ የሚመጣው ብርሃን ሲያንስ ነው። በዚህ ጊዜ ካሜራው ከራሱ ጋር የተሠራችውን ትንሽ መብራት፣ ማለትም ፍላሽን፣ ብልጭ ያደርግና ጉዳዩን የጨረሰ ይመስላል። እኛም የጨረሰ መስሎን ነበር። ይህን ትምህርት ለግድግዳ ጋዜጣችን ለማዘጋጀት የተነሣነው በዚሁ ስሕተታችን ምክንያት ስለሆነ፣ ወደ ትምህርቱ ከመግባታችን በፊት የሆነውን እንንገራችሁ።

1. በውርጌሳ የሆነው

ለማስተማር ልምምድ ከተመደብንባቸው ቦታዎች አንዷ ውርጌሳ ነበረች። እንደምታውቁት ውርጌሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከመርሳ አለፍ ብላ ትገኛለች። የልምምዱ ጊዜ ሊያልቅ ሲል የ4ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን የማስታወሻ ፎቶግራፍ እናንሣ ተባባልን። ቀኑ ዝናባማ ስለነበር ልጆቹን ከየዴስካቸው ሳናስነሣ፣ እኛ ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆመን፣ 48ቱንም በአንድ ጊዜ አነሣን። ፍላሹ በራ፤ ልጆቹ ሳቁ፤ ነገሩ አለቀ። ፎቶግራፉን ወልድያ ወስደን አሳጠብንና ለየልጁ አንዳንድ አደልን።

በማግሥቱ አንዲት እናት ፎቶግራፉን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጣች።

«መምህር፣ የኔዋ ልጅ የታለች?» አለችን።

«ከኋላ ነው የተቀመጠችው፣ እናታችን፤ እዚህ ጋ ናት» ብለን በጣታችን አሳየናት።

ፎቶግራፉን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አየችው። «እዚህማ ጨለማ ነው» አለች። «የፊተኞቹ እንደ ኖራ ነጥተዋል፤ የኔዋ ጠፍታለች። ብርሃኑን ያደላችሁት ለፊተኞቹ ብቻ ነው እንዴ?»

መልስ አልነበረንም። ልጅቷ ከዚያ በፊት ፎቶግራፍ ተነሥታ አታውቅም ነበር። እኛም ፎቶግራፉን ደግመን ስናየው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ረድፎች ግንባራቸው አብለጭልጮ፣ መካከለኞቹ ደኅና ሆነው፣ የመጨረሻዎቹ ደግሞ ዓይናቸው ብቻ ነጥብ ነጥብ ሲል አየን። ካሜራው አልተበላሸም ነበር። አጠቃቀሙን አለማወቃችን ነው ልጆቹን ያጠፋቸው።

ነገሩን ቀላል አድርጎ የሚያይ ሊኖር ይችላል። ነገር ግን የወሎን ሰው ፊት ዓለም ያወቀው በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ሰዎች ካሜራ መሆኑን አንርሳ። በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረሃብ በፊልም አሳየ። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ደግሞ ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም ኬንያዊው መሐመድ አሚን ያነሣው ፊልም በቢቢሲ ታይቶ ዓለምን አነቃነቀ። እነዚያ ሥዕሎች ሕይወት አትርፈዋልና ምስጋና ይገባቸዋል። ታዲያ የወሎ ልጅ በደኅና ቀን፣ ደብተሩን ይዞ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ በገዛ መምህሩ ሲነሣ ፊቱ ሊታይ አይገባውምን? እንግዲህ ይህ የመምህሩ ሥራ ነው።

2. ፍላሽ ምንድን ነው?

ፍላሽ በጣም አጭር ለሆነ ጊዜ የሚበራ ብርቱ መብራት ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 ጀርመን አገር ውስጥ የማግኒዚየም ዱቄት ከሌላ ኬሚካል ጋር ተቀላቅሎ ሲለኮስ ለፎቶግራፍ የሚበቃ ብልጭታ እንደሚሰጥ ታወቀ። ጭሱ ክፍሉን ይሞላው፣ አንዳንዴም አንሺውን ያቃጥለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1929 እዚያው ጀርመን አገር አንድ ጊዜ በርቶ የሚጣል አምፑል ለገበያ ቀረበ። በ1930ዎቹ ደግሞ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ኤጀርተን በጋዝ በተሞላ ብርጭቆ ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚፈነጥቀውን ፍላሽ አዳበረው። ዛሬ በዲጂታል ካሜራችን ላይ ያለው የዚህኛው ዘር ነው።

አሠራሩን ባጭሩ እንየው። የባትሪው ኤሌክትሪክ ኃይሉ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ በካሜራው ውስጥ ያለ መሣሪያ ወደ 300 ቮልት ግድም ከፍ ያደርገውና ካፓሲተር በሚባል ማጠራቀሚያ ውስጥ ያከማቸዋል። ቁልፉን ስንጫን የተጠራቀመው ኃይል በአንድ ጊዜ ወደ ቱቦው ይፈስና ብልጭ ይላል። ብልጭታው ብዙውን ጊዜ ከሰከንድ 1/1000ኛ አይበልጥም። ከዚያ በኋላ ማጠራቀሚያው እስኪሞላ ጥቂት ሰከንድ መጠበቅ ግድ ነው። ባትሪው ሲደክም መጠበቂያው ይረዝማል። «ሁለተኛው ፎቶ ለምን ጨለመ?» ብለው የሚጠይቁን ባልደረቦቻችን ብዙዎቹ ሳይጠብቁ የተጫኑ ናቸው።

የስልክ «ፍላሽ» የምንለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። እሱ ኤልኢዲ የተባለ ትንሽ አምፑል ሲሆን፣ ከካሜራው ፍላሽ በጣም የደከመ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ርቀት የምንለው ሁሉ በስልክ ሲሆን ይብሳል እንጂ አይቀልም።

3. የርቀት ሕግ

የዚህ ትምህርት እምብርት ይህ ክፍል ነው። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይሰፋል፤ በሰፋ ቁጥርም ይሳሳል። የሚሳሳውም በርቀቱ ልክ ሳይሆን በርቀቱ ስኩዌር ነው። ይህንን ለማየት ምንም ውድ ዕቃ አያስፈልግም። ማታ በጨለማ ክፍል ውስጥ ኩራዝ ለኩሱ። ጎንና ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን ከኩራዙ 1 ሜትር ርቀት ላይ ያዙ። ግድግዳው ከኩራዙ 2 ሜትር የራቀ ከሆነ፣ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጥላ 20 በ20 ይሆናል። በስፋት ሲሰላ የካርቶኑ 4 እጥፍ ማለት ነው። ግድግዳው 3 ሜትር ቢርቅ ጥላው 30 በ30፣ ማለትም 9 እጥፍ ይሆናል። በካርቶኑ ላይ ሊያርፍ የነበረው ያው ብርሃን 4 ወይም 9 እጥፍ በሆነ ቦታ ላይ ተበትኖ ነበር ማለት ነው። ስለዚህም፦

በ1 ሜትር ላይ ያለው ብርሃን 1 ቢሆን፣
በ2 ሜትር 1/4ኛው፣
በ3 ሜትር 1/9ኛው፣
በ4 ሜትር 1/16ኛው፣
በ6 ሜትር 1/36ኛው ይደርሳል።

አሁን ወደ ውርጌሳው ክፍል እንመለስ። የፊተኛው ረድፍ ከእኛ 2 ሜትር ያህል፣ የመጨረሻው ደግሞ 6 ሜትር ያህል ይርቅ ነበር። ርቀቱ 3 እጥፍ ነው፤ የብርሃኑ ልዩነት ግን 9 እጥፍ ነው። የፊተኛው ልጅ 9 እንጀራ ሲደርሰው የኋለኛው 1 ብቻ ደረሰው እንደማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አቀማመጥ የፍላሹን ኃይል ብንጨምር የፊተኞቹ ይባስ ይነጣሉ፤ ብንቀንስ የኋለኞቹ ጭራሽ ይጠፋሉ። እናትየዋ «ብርሃኑን ያደላችሁት ለፊተኞቹ ብቻ ነው እንዴ?» ያለችው፣ ሳታውቀው ፊዚክስ እየተናገረች ነበር።

መፍትሔው ምንድን ነው? በፊተኛውና በኋለኛው ሰው መካከል ያለውን የርቀት ልዩነት ማጥበብ ነው። የፊተኛው ረድፍ በ3 ሜትር፣ የኋለኛው በ4 ሜትር ላይ ቢቆም፣ ልዩነቱ 16 ለ9፣ ማለትም ከ2 እጥፍ በታች ይሆናል። ይህን ካሜራው ይችለዋል። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ሲኖር በቡድን ከፋፍሎ ማንሣት ይሻላል። 12 ልጆችን 6ቱን ከፊት በርጩማ ላይ፣ 6ቱን ከኋላ አቁሞ ማንሣት ይቻላል። 48 ልጆች 4 ፎቶግራፍ ይሆናሉ ማለት ነው። 3 ፎቶ ጨምሮ ማሳጠብ ገንዘብ ያስወጣል፤ ፊቱ የማይታይ ልጅ ያለበትን ፎቶ ማሳጠብ ግን ከዚያ የበለጠ ኪሳራ ነው።

4. የፍላሹን አቅም ማወቅ

እያንዳንዱ ፍላሽ የአቅም ቁጥር አለው። ቁጥሩ በካሜራው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ሌንሳቸው በሚፈታ ካሜራዎች ላይ አብሮ የተሠራው ፍላሽ ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 13 ባለው ውስጥ ነው። ይህም የሚለካው አይኤስኦ የተባለው የብርሃን መቀበያ መጠን 100 ላይ ሲሆንና ርቀቱ በሜትር ሲሰላ ነው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ የአቅሙን ቁጥር በሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር ስናካፍል ፍላሹ የሚደርስበትን ርቀት እናገኛለን። የሌንሱ ቀዳዳ ቁጥር በካሜራው መስኮት ላይ ኤፍ ተብሎ የሚጻፈው ነው።

ምሳሌ፦ የአቅም ቁጥሩ 12፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 4 ቢሆን፣ 12 ለ4 ሲካፈል 3 ሜትር ይሆናል። ቀዳዳው ኤፍ 5.6 ቢሆን ግን 2 ሜትር ከጥቂት ብቻ ነው። ያኔ 6 ሜትር ላይ ያለችውን ልጅ ለማብራት መሞከራችን ምን ያህል ከንቱ እንደነበር ከዚህ ይታያል።

አይኤስኦውን በ4 እጥፍ ስናሳድግ ርቀቱ በ2 እጥፍ ያድጋል። ከላይ ያለውን ምሳሌ ብንወስድ፣ አይኤስኦው ከ100 ወደ 400 ሲወጣ 3 ሜትር የነበረው 6 ሜትር ይደርሳል። ታዲያ ይህ ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ቁጥሩ እየበዛ ሲሄድ ምስሉ ላይ አሸዋ የተረጨ የመሰለ ንጥብጣብ ይታያል። በአሁኖቹ ካሜራዎች እስከ 800 ድረስ ችግሩ እምብዛም አያስቸግርም። ነገር ግን አይኤስኦው ርቀቱን ያረዝማል እንጂ በፊተኛውና በኋለኛው መካከል ያለውን አድልዎ አያስተካክልም። ያንን የሚያስተካክለው የእኛ አሰላለፍ ብቻ ነው።

5. የፍላሹ ዓይነት ትእዛዞች

በብዙዎቹ ካሜራዎች ላይ የመብረቅ ምልክት ያለበት ቁልፍ አለ። እሱን ስንጫን ከዚህ በታች ያሉት ምርጫዎች ይመጣሉ።

ሀ) አውቶ፦ ካሜራው ራሱ ብርሃኑን መዝኖ ፍላሹን ያበራል ወይም ይተወዋል። ለጀማሪ ይመቻል፤ ሁልጊዜ ግን ልክ አይደለም።

ለ) የግድ ማብሪያ፦ የመብረቅ ምልክት ብቻ ይታያል። ብርሃን ቢኖርም ባይኖርም ፍላሹ ይበራል። ጀርባውን ለመስኮት ወይም ለፀሐይ የሰጠ ሰው ሲነሣ የሚያስፈልገው ይህ ነው።

ሐ) ማጥፊያ፦ በመብረቁ ላይ ሰረዝ የተሰመረበት ነው። የመስኮቱ ብርሃን ሲበቃ፣ እንዲሁም ፍላሽ በማይፈቀድበት ቦታ እንጠቀምበታለን።

መ) ቀይ ዓይን መቀነሻ፦ የዓይን ምልክት አለው። በጨለማ ውስጥ የዓይን ብሌን ይሰፋል። ፍላሹ ከሌንሱ አጠገብ ስለሆነ ብርሃኑ በሰፋው ብሌን ገብቶ፣ ደም ሥር ከሞላው ከዓይን ጀርባ ተንጸባርቆ በቀጥታ ወደ ሌንሱ ይመለሳል፤ ዓይኑም ቀይ ሆኖ ይወጣል። ይህ ትእዛዝ ዋናው ብልጭታ ከመምጣቱ በፊት ሌላ መብራት አብርቶ ብሌኑ እንዲጠብ ያደርጋል። ጣጣው ግን ልጆች የመጀመሪያውን መብራት ሲያዩ «ተነሣን» ብለው ይበተናሉ። ስለዚህ አስቀድመን «ሁለተኛው እስኪበራ እንዳትነቃነቁ» ማለት አለብን።

ሠ) ዘገምተኛ ፍላሽ፦ ፍላሹ ፊቱን ሲያበራ፣ ካሜራው ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ተከፍቶ የጀርባውን ብርሃን ይሰበስባል። ማታ በቡና ሥርዓት ላይ የከሰሉ ፍምና የጧፉ ብርሃን እንዲታይ ከተፈለገ ይህ ይመረጣል። ካሜራው እጅ ላይ ከሆነ ምስሉ ይንቀጠቀጣልና ጠረጴዛ ወይም ዴስክ ላይ ማስደገፍ ያሻል።

6. መጠኑን ማስተካከል

እስካሁን ያየነው ፍላሹን ማብራትና ማጥፋት ነው። ብዙ ሰው የማይነካው፣ ግን ከሁሉ የሚጠቅመው ቁልፍ የመጠኑ ማስተካከያ ነው። መብረቅ ከመደመርና ከመቀነስ ምልክት ጋር ሆኖ ይታያል፤ በአንዳንዱ ካሜራ በቁልፍ፣ በሌላው በሜኑ ውስጥ ይገኛል። ወደ መደመር ስንወስደው ፍላሹ ይበረታል፤ ወደ መቀነስ ስንወስደው ይለዝባል። 1 ሲጨመር ብርሃኑ በእጥፍ ያድጋል፤ 1 ሲቀነስ በግማሽ ይወርዳል።

ለመሆኑ ካሜራው ራሱ እያወቀ እኛ ለምን እንነካካዋለን? ካሜራው የሚያውቀው ትንሽ ስለሆነ ነው። ከዋናው ብልጭታ በፊት ዓይናችን የማይለየው ትንሽ ብልጭታ ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን ይመዝናል። የሚመዝነውም ዓለም ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ አስቦ ነው። በእኛ አገር ደግሞ ሁለት ነገሮች ያሳስቱታል።

የመጀመሪያው ነጭ ልብስ ነው። ነጠላና ጋቢ የለበሱ ወላጆች በስብሰባ ላይ ተሰብስበው ስናነሣ፣ ነጩ ልብስ ብዙ ብርሃን ይመልሳል። ካሜራው «እዚህስ ብርሃን በዝቷል» ብሎ ፍላሹን ይቀንሰዋል። ውጤቱ ነጠላው አመድማ፣ ፊቱ ደግሞ የጠቆረ ፎቶግራፍ ነው። በዚህ ጊዜ ወደ መደመር፣ 2/3 ወይም 1 ያህል እንውሰደው።

ሁለተኛው ጨለማ ጀርባ ነው። አንድ ተማሪ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ወይም በጭስ በጠቆረ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሲነሣ፣ ጀርባው ብርሃን አይመልስም። ካሜራው «ጨልሟል» ይልና ፍላሹን ያበረታዋል። የልጁ ግንባርና አፍንጫ ይነጣል፤ መልኩ ይጠፋል። በዚህ ጊዜ ወደ መቀነስ፣ 2/3 ወይም 1 ያህል እናውርደው። በውርጌሳው ክፍል የፊተኞቹ ልጆች እንደ ኖራ የነጡት ለዚህም ጭምር ነው፤ ከኋላቸው ያለው ሰፊ ጨለማ ካሜራውን አሳስቶታል።

ሕጉን በአንድ ዓረፍተ ነገር እንያዘው፦ ነጭ ሲበዛ ጨምር፣ ጥቁር ሲበዛ ቀንስ።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ታሪክ ማወቅ ይጠቅማል። በቀለም ፊልም ዘመን ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም መለኪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ነጭ ሴት ስትሆን፣ ካርዱ በመጀመሪያዋ ሴት ስም «ሸርሊ» ይባል ነበር። የዓለም ፎቶ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉት የእሷ መልክ እስኪያምር ድረስ ነበር። የጠይም ሰው ፊት ግን በዚያ ልኬት ይጠቁር፣ ዝርዝሩም ይጠፋ ነበር። በኋላ ፊልሙ ቢሻሻልም፣ የተለያየ መልክ ያላቸው ሰዎች ያሉበት ካርድ የወጣው ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነው። ከዚህ የምንማረው ማሽን በሰው እጅ እንደሚለካ ነው። የተማሪያችንን ፊት የምናውቀው እኛ ስለሆንን፣ ፎቶግራፉን ካነሣን በኋላ መስኮቱን ከፍተን ፊቱን እንይ፤ ነጠላውን ወይም ሰሌዳውን ሳይሆን ፊቱን። ካልሆነ ጨምረን ወይም ቀንሰን እንድገመው። የዲጂታል ካሜራ ትልቁ በጎነት ይህ ነው፤ መድገሙ ፊልም አያስጨርስም።

7. በፀሐይስ ፍላሽ ምን ያደርጋል?

ይህ ብዙዎቻችንን የሚያስገርም ነው። ውርጌሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ግድም ላይ ስለሆነች፣ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ላይ በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ትሆናለች። በዚህ ሰዓት የሚነሣ ሰው ዓይኑ ከቅንድቡ ጥላ ሥር ይገባል፤ ባርኔጣ ካደረገማ ፊቱ ግማሹ አይታይም። ፍላሹን በግድ ማብሪያ ላይ አድርገን፣ መጠኑን ወደ መቀነስ 1 አውርደን ብናነሣ፣ ጥላው ይሳሳል፤ ዓይኑም ይከፈታል።

ነገር ግን እዚህም የርቀት ሕጉ አይለቀንም። በጠራራ ፀሐይ የሌንሱ ቀዳዳ ወደ ኤፍ 11 ግድም መጥበብ ስላለበት፣ የአቅም ቁጥሩ 12 የሆነ ፍላሽ ጥላ ለማሳሳት የሚያገለግለው እስከ 2 ሜትር ግድም ብቻ ነው። ስለዚህ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው እንጂ ለቡድን አይሆንም። ቡድን ከሆነ ፀሐዩን ትቶ ወደ ዋርካ ጥላ ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ በረንዳ መሄድ ነው። ልጆቹ ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ መልሰው ቢቆሙ ብዙ ጊዜ ፍላሽ እንኳ አያስፈልግም። በር ላይ ወይም መስኮት አጠገብ ያለ ብርሃን ከማንኛውም ትንሽ ፍላሽ ይለሰልሳል። ብርሃን ካለ እሱን እናስቀድም፤ ፍላሹ ይርዳን።

8. ጥንቃቄዎች

ሀ) ፍላሹን ከሰው ፊት፣ በተለይም ከሕፃናት፣ ከ1 ሜትር በታች አቅርበን አናብራ። መኪና ወይም ሞተር ብስክሌት በሚነዳ ሰው ላይም አናብራ።

ለ) ካሜራው ቢበላሽ ራሳችን አንፍታ። ከላይ የጠቀስነው ማጠራቀሚያ ባትሪው ከወጣም በኋላ ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ይመታል። ተማሪዎችም ለሙከራ እንዳይፈቱት እናስጠንቅቅ።

ሐ) ጣታችን፣ የካሜራው ማንገቻ ወይም ረጅም ሌንስ ፍላሹን እንዳይሸፍን እንይ። በፎቶግራፉ ታችኛው ክፍል ግማሽ ክብ ጥላ ከታየ የሌንሱ ጥላ ነው።

መ) ጥቁር ሰሌዳ፣ መስታወትና በላስቲክ የተሸፈነ ሥዕል ፊት ለፊት ሲነሡ ብልጭታውን መልሰው ይረጩታል። ወደ ጎን ፈቀቅ ብሎ ማንሣት ወይም ፍላሹን ማጥፋት ይሻላል።

ሠ) በበጋ አቧራ በሚነሣበት ጊዜ ፎቶው ላይ ነጫጭ ክቦች ቢታዩ አንደንግጥ። ከሌንሱ ፊት ያለ አቧራ በፍላሹ በርቶ ነው።

ረ) ፍላሹ ከበረታ ስስ ነጭ ሶፍት አንድ ድርብ ከፊቱ ያዝ ማድረግ ብርሃኑን ያለዝበዋል። የሚደርስበት ርቀት ግን ያጥራል።

ሰ) ከብት፣ ግመልና በቅሎ በብልጭታ ሊበረግጉ ስለሚችሉ በገበያ መካከል እናስብበት። በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በለቅሶ ቤት ሳናስፈቅድ ካሜራ አናውጣ። ልጆችን ስናነሣም ወላጆቻቸው ይወቁት፤ አልፈልግም ያለን ሰው ማስገደድ የመምህር ወግ አይደለም።

9. መልመጃ

በቡድን ሆናችሁ ማታ በአንድ ክፍል ውስጥ 5 የጠመኔ ካርቶን ከካሜራው በ1፣ በ2፣ በ3፣ በ4 እና በ6 ሜትር ላይ፣ አንዱ አንዱን እንዳይጋርድ አድርጋችሁ ደርድሩ። አይኤስኦውን 100 ላይ አድርጋችሁ በፍላሽ አንሡ። ቀጥሎ 400 ላይ አድርጋችሁ ድገሙ። ከዚያ የሚከተሉትን መልሱ።

አንደኛ፣ በየትኛው ካርቶን ላይ ያለው ጽሑፍ ይነበባል? ሁለተኛ፣ የተገኘው ርቀት በክፍል 4 ካየነው ሒሳብ ጋር ይስማማል? ሦስተኛ፣ አንድ ባልደረባችሁን ነጠላ አስለብሳችሁ፣ ከዚያም በጥቁር ሰሌዳ ፊት አቁማችሁ፣ የመጠኑን ማስተካከያ በ0፣ በ1 ሲደመርና በ1 ሲቀነስ አድርጋችሁ አንሡ፤ ፊቱ በትክክል የታየው በየትኛው ነው? መልሳችሁን በዚሁ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉ ሁላችንም እንማርበታለን።

10. ማጠቃለያ

የዚያች እናት ጥያቄ እንቅልፍ ስለነሣን፣ ከሳምንት በኋላ ካሜራውን ይዘን ወደ ትምህርት ቤቱ ተመለስን። ልጆቹን በ4 ቡድን ከፍለን፣ ከዋርካው ጥላ ሥር ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዙረን፣ የፊተኞቹን በ3 ሜትር፣ የኋለኞቹን በ4 ሜትር ላይ አቁመን፣ ፍላሹን ወደ መቀነስ 1 አውርደን አነሣን። እያንዳንዱን ምስል በመስኮቱ እያየን የሁሉንም ፊት በስማቸው እየጠራን አረጋገጥን። የዚያች እናት ልጅ በሁለተኛው ቡድን፣ ከኋላ ረድፍ፣ ጥርሷ እስኪታይ ስቃ ወጥታለች። እናቷ ፎቶግራፉን ስትቀበል ብዙ አልተናገረችም፤ «ይኸው፣ አለች እኮ» ብላ በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው።

ሆኖም ያን ዕለት የገበያ ቀን ስለነበር 3 ልጆች ቀርተዋል። የልምምዱ ጊዜም አልቆ ወደ ተቋማችን ተመለስን። የእነዚያ 3 ልጆች ብቸኛ ፎቶግራፍ ዛሬም ያ የመጀመሪያው፣ ጨለማው ነው። መሣሪያን አለማወቅ የሚያስከፍለው ዋጋ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ ሁለተኛ ዕድል አይገኝም።

ስለዚህ ባልደረቦቻችን ሆይ፣ ቁልፉን ከመጫናችን በፊት ከእኛ እስከ መጨረሻው ልጅ ያለውን እርምጃ እንቁጠር። ይህን ስንጽፍ ስለ ካሜራ ብቻ ማሰብ አልሆነልንም። ጥቁር ሰሌዳው ሥር ቆሞ የሚያስተምር መምህርም ድምፁና ዓይኑ የሚደርሱበት ርቀት አላቸው። የፊተኞቹ እጃቸውን ሲያወጡ ክፍሉ ሁሉ የገባው ይመስለዋል። አንዳንዴ ከሰሌዳው ተነሥቶ ወደ ኋለኛው ዴስክ መሄድ ያስፈልጋል። ካሜራውን ለሚወስድ መጨመርና መቀነስ አለለት፤ ለመምህር ግን ያለው እግሩ ነው።